ሌፍሰ በምጣድ፣ ቡለ በሄል፦ ወደ ስካንዲኔቪያ ለአራስ ጥየቃ ለሚሄዱ አያቶች

አሜሪካ ልጅ ወይም ዘመድ ያላችሁ አንባቢያን «ቤታኒ» የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምጣድ ሳትሰሙ አትቀሩም። ከአሉሚኒየም የተሠራ፣ ክብና ሰፊ፣ በብዙ የሐበሻ ቤት እንጀራ የሚጋገርበት ዕቃ ነው። ምጣዱ ግን መጀመሪያውኑ ለእንጀራ ታስቦ የተሠራ አይደለም። አዮዋ በሚባለው ግዛት፣ ክሬስኮ በምትባል ትንሽ ከተማ የሚገኘው ድርጅት የሠራው ሌፍሰ ለሚባል የኖርዌይ ቂጣ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ1825 ጀምሮ ባሉት መቶ ዓመታት ከ800 ሺሕ በላይ ኖርዌያውያን ወደ ሰሜን አሜሪካ ተሰደዋል። ሲሄዱ የቂጣቸውን ሙያ ይዘው ሄዱ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ለገና ሌፍሰ ይጋግራሉ። እነሱ በብዛት በሰፈሩባት በሚኒሶታ የኛም ሰው በርክቶ ሰፈረ፤ ምጣዱንም ወደደው።

ይህን ያነሣሁት ለወሬ ማሟሻ ብቻ አይደለም። በየሰፈራችን ለአራስ ጥየቃ ወደ ስዊድን፣ ኖርዌይና ዴንማርክ የሚሄዱ እናቶች አሉ። ሻንጣቸው በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በበሶና በድርቆሽ ተሞልቶ ይሄዳል። ገንፎውም አጥሚቱም በየተራው ይቀርባል። አራሷ ከተነሣች በኋላ ግን ሌላ ነገር ይመጣል። ትልልቆቹ ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚጠይቁት ሌላ ምግብ ነው። አያት ጓዳው ውስጥ ቆማ የማታውቃቸውን ዱቄቶችና ጣሳዎች ትመለከታለች። ሽሮዋን ትሠራለች፤ ልጆቹ ሁለት ጉርሻ ቀምሰው ይነሣሉ። እሷም በሰው ቤት እንዳለች እንግዳ መቀመጥ ትጀምራለች። በነርስነት ዘመኔ «ልጁ አልበላልኝም» የሚለው የአያት ሐዘን ከልጁ ረሃብ በላይ ሲከብድ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የኔ ልጅ የምትኖረው በስዊድን ሁለተኛ ከተማ በዮተቦሪ ነው፤ እዚህ ጎተንበርግ የምንላት ናት። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ አንደኛውን የበረዶውን ወራት በሙሉ ተቀምጫለሁ። እዚያ ሆኜ እንዳየሁት፣ የአገሩን ሦስት አራት ምግብ በእጇ የለመደች አያት የልጆቹን ገበታ ትይዛለች። ሽሮዋንም በደንብ የሚቀምሱላት ያን ጊዜ ነው። የሚጠይቀው ሙያ ደግሞ አብዛኛው እጃችን ላይ ያለ ነው። የትም ላልሄዳችሁትም አዲስ አበባ ሆናችሁ ብትሞክሩት ይወጣል።

በሌፍሰ ልጀምር፤ ለምጣድ ሰው ከዚህ የሚቀል የለም። ድንች ኖርዌይ የገባው በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ሌፍሰ የዱቄት ቂጣ ነበር፤ ዛሬ ብዙ ሰው የሚወደው ግን የድንቹን ነው። አንድ ኪሎ ድንች ልጣችሁ ቀቅሉ። ውኃውን አጥልላችሁ እንፋሎቱ እስኪወጣለት ድስቱ ውስጥ አቆዩት። ትኩስ እንዳለ አንድም ጓል ሳይቀርበት አድቅቁትና 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ክሬም፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምሩበት። ከዚያ ሳትከድኑ አብርዳችሁ ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ማሳደሩን አትዝለሉት። ድንቹ ሙቅ እንዳለ ዱቄት ከገባበት ይጣበቃል፤ ሲጣበቅ ዱቄት ይጨመርበታል፤ ዱቄቱ ሲበዛ ቂጣው እንደ ቁርበት ይደርቃል። ጠዋት ከ250 እስከ 300 ግራም የፉርኖ ዱቄት ጨምራችሁ እሹትና ወዲያው ወደ ሥራ ግቡ፤ ሊጡ ከቆየ ይላላል። እንቁላል በሚያህል መጠን እያድበለበላችሁ፣ ዱቄት በተነሰነሰበት ጨርቅ ላይ በመዳመጫ አሳሱት። በጣም መሳሳት አለበት።

ምጣዱ ይጋል፤ ማሰሻ አይነካውም፣ አክንባሎም አያስፈልገውም። የሥረኛው ጎን ቡናማ ነጠብጣብ ሲያወጣ ይገለበጣል። ለእያንዳንዱ ጎን አንድ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ኖርዌያውያን ረጅም፣ ስስ፣ ጠፍጣፋ እንጨት ከሥሩ አስገብተው ነው የሚያነሡትና የሚገለብጡት፤ እኔ በሰፌድ ይቀናኛል። የወጣውን እየደራረባችሁ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ በራሱ እንፋሎት ይለሰልሳል። ቅቤ ቀብተው፣ ስኳርና ቀረፋ ነስንሰው፣ ጠቅልለው ይበሉታል። ለጾም ከሆነ በቅቤውና በክሬሙ ፋንታ አራት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አድርጉበት፤ ጣዕሙ ብዙም አይጎድልም።

የሰሜኑን ሰው ምግብ ለመረዳት አየሩን ማሰብ ነው። ምድሩ ለወራት በረዶ ለብሶ ይከርማል፤ የሚለቀም ነገር የለም። ስለዚህ ያደርቃሉ፣ ጨው ውስጥ ይነክራሉ፣ በጭስ ያጥናሉ፣ ያቦካሉ፣ ይቀብራሉ። ስዊድኖች ክኔከብሩድ የሚሉት ደረቅ ቂጣ መሐሉ ቀዳዳ የሆነው፣ ጣሪያ ሥር በተዘረጋ እንጨት ላይ ተሰክቶ እንዲቀመጥ ነው። ድሮ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ተጋግሮ ዓመቱን ሙሉ ይበላ ነበር። ድርቆሽ ነው በአጭሩ። ግራቭላክስ የሚሉት በጨው፣ በስኳርና እንስላል በሚመስል ቅጠል የሚዘጋጀው ጥሬ ሳልሞን ዓሣ ደግሞ ስሙ ራሱ የተቀበረ ማለት ነው፤ ድሮ ዓሣ አጥማጆች ጨው ነስንሰው አፈር ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ቆጮ ከጉድጓድ ወጥቶ በሚበላበት አገር ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ አይኖርም። የዴንማርኮች ጥቁር ዳቦም ራይ ከሚባለው የስንዴ ዘመድ እህል ተዘጋጅቶ በእርሾ የሚቦካ ነው፤ ከአንዱ ሊጥ ለሚቀጥለው እርሾ ይቀመጥለታል። ስኳር ያለብን አያቶች እዚያ ስንሄድ ከነጩ ዳቦ ይልቅ ይህን ጥቁሩንና ደረቁን ብንመርጥ ይሻለናል፤ አሰር ስላለው ስኳሩን ቶሎ አያወጣውም። ጥርስ ያስቸገረው ደረቁን ሾርባ ውስጥ ነከር ያድርገው።

ልጆችን የሚይዘው ግን ቡለ ነው፤ ከኛ ቡላ ጋር አይምታታባችሁ። ስዊድኖች ቡለ የሚሉት ለስላሳ ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ነው፤ ቀረፋ የተጠቀለለበት ካኔልቡለ ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ኦክቶበር 4 ቀን የሚከበርለት የራሱ በዓል እንኳ አለው። ምሥጢሩ ቀረፋው ሳይሆን ሊጡ ውስጥ የሚገባው ሄል ነው። የተፈጨ ገዝታችሁ አታድርጉበት፤ ፍሬውን ፈልፍላችሁ ሙቀጫ ውስጥ ሸካራ አድርጋችሁ ውቀጡት። ሄል ከጠፋ ኮረሪማ የቅርብ ዘመዱ ነው፤ ነገር ግን ይበረታልና በግማሽ መጠን አድርጉት።

ለሃያ ያህል ቡለ ሩብ ሊትር ወተት ውስጥ 75 ግራም የገበታ ቅቤ አቅልጡና ለብ እስኪል አብርዱት። ጣታችሁን ስትነክሩበት ሙቀትም ቅዝቃዜም ካልተሰማችሁ የሰውነት ሙቀት ላይ ደርሷል፤ ለደረቅ እርሾ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር ትንሽ ሞቅ ቢል አይጎዳም። በጣም ከጋለ ግን እርሾው ይሞታል። 7 ግራም ደረቅ እርሾ፣ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ሄል ጨምሩ። ከዚያ 420 ግራም ያህል የፉርኖ ዱቄት ቀስ በቀስ እያስገባችሁ አሥር ደቂቃ እሹት። ሸፍናችሁ እጥፍ እስኪሆን ተዉት። ሲነፋ በመዳመጫ አስፉት፤ የለሰለሰ ቅቤ ቀቡት፣ ስኳርና አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀረፋ ነስንሱበት፣ እንደ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ ቁረጡት። የተቆረጠው ትሪ ላይ ግማሽ ሰዓት ይረፍ፤ የተመታ እንቁላል ቀቡትና 225 ዲግሪ በጋለ ኦቨን ውስጥ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አቆዩት። ሲወጣ በጨርቅ ሸፍኑት። ለጾም ወተቱን በውኃ ወይም በአጃ ወተት፣ ቅቤውን በሩብ ብርጭቆ ዘይት ለውጡት፤ ከላይ በእንቁላል ፋንታ ሲወጣ የስኳር ውኃ ቀቡት። የአጃ ወተት የተጀመረው እዚያው ስዊድን፣ ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። ለጿሚ ሰው ትልቅ ስጦታ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን የላም ወተትን ሙሉ በሙሉ ይተካል ብላችሁ አትስጡት።

አዲስ አበባ የምትሞክሩ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጥ ቶሎ ይነፋል። የፈረንጅ መጽሐፍ የሚለውን ሰዓት ጠብቃችሁ ብትቀመጡ አልፎ ይኮመጥጣል፣ ኦቨን ውስጥም ይሟሽሻል። እርሾውን በሩብ ቀንሱ፤ ሰዓቱን ሳይሆን ሊጡን ተመልከቱ።

የአምስት ዓመቱ የልጅ ልጄ አማርኛው ጥቂት ነበር፤ የኔም ስዊድንኛ «ታክ» ከሚለው ምስጋና አያልፍም። ሊጥ ሲቀርብ ግን የምንነጋገረው አላጣንም። እኔ ሊጥ ስለው እሱ «ዴግ» ይለኛል፤ እርሾ ስለው «የስት» ይለኛል። ነፋ፣ ቦካ፣ ቁረጥ፣ ጠቅልል የሚሉትን ቃላት የያዘው እዚያ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሙቀጫውንም እንዲይዝ ሰጠሁት። መንገር የረሳሁት፣ ስዊድኖች አያትን ለይተው ነው የሚጠሩት፦ የእናት እናት ሞርሞር፣ የአባት እናት ፋርሞር፣ የእናት አባት ሞርፋር፣ የአባት አባት ፋርፋር። እዚያ ስትደርሱ ከአራቱ በአንዱ መጠራታችሁ አይቀርም።

ቡለው የሚበላው ከቡና ጋር ነው። ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሥራ አቁመው ተቀምጠው ቡና የሚጠጡበትን ጊዜ ፊካ ይሉታል። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቡናን በሕግ ደጋግሞ የከለከለ አገር ነው፤ ዛሬ በዓለም ላይ ብዙ ቡና ከሚጠጡት አንዱ ሆኗል። ጀበናው ብቻ ነው የጎደላቸው። ጀበና ይዛችሁ ከሄዳችሁ ጎረቤት መጥራት ቀላል ነው።

ሴምላ የሚባለውን ደግሞ የቅበላ ሰሞን ሰው ሁሉ ይረዳዋል። በሄል የተጋገረ ክብ ዳቦ ክዳኑ ይቆረጣል፣ ውስጡ ይፈለፈላል፣ የተፈለፈለው ከተፈጨ አልሞንድና ከወተት ጋር ታሽቶ ይመለሳል፣ የተመታ ክሬም ይደረግበታል፣ ክዳኑ ይመለስና ዱቄት ስኳር ይነሰነስበታል። ድሮ የሚበላው ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለችው ማክሰኞ ነበር፤ ቅቤውና ወተቱ ከጾሙ በፊት እንዲያልቅ። በተሐድሶው ዘመን ሉተራውያን ሲሆኑ ጾሙን ተዉት፤ ቅበላውን ግን አልተዉትም። አሁን ገና ካለፈ ጀምሮ በየዳቦ ቤቱ መስኮት ተደርድሮ ይታያል። ንጉሥ አዶልፍ ፍሬድሪክ እ.ኤ.አ. በ1771 በዚያችው የቅበላ ማክሰኞ የሞቱት ከትልቅ ግብዣ በኋላ ነው፤ በገበታቸው ላይ ከነበረው አንዱ የዘመኑ ሴምላ ነበር። እኔ እንደ ነርስ በሴምላ አልፈርድም፤ ገበታው ላይ የባሕር እንስሳትና ሻምፓኝም ነበር። ለአንድ አያት በዓመት አንድ ሴምላ ይበቃል እላለሁ።

ወደ ሥጋው እንለፍ። የስዊድን ልጅ ሁሉ የሚወደው ሾትቡላር የሚሉት ትንንሽ የሥጋ ኳስ ነው። አሠራሩ ለማንም አያስቸግርም፦ ግማሽ ኪሎ የተፈጨ የበሬ ሥጋ፣ በወተት የራሰ የዳቦ ፍርፋሪ፣ አንድ እንቁላል፣ የተፈቀፈቀ ሽንኩርት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ። በእርጥብ እጅ አድበልብላችሁ በቅቤ ጥበሱት፤ መሐሉ ቀይ መሆን የለበትም። ከተፈጨ ድንች፣ ከክሬም መረቅና ሊንጎን ከሚባል የጫካ ፍሬ ማርማላታ ጋር ይቀርባል። ጥንቃቄው ሱቅ ላይ ነው። «ብላንድፋሽ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የተፈጨ ሥጋ የበሬና የአሳማ ድብልቅ ነው፤ የበሬ ብቻ የሚባለው «ኖትፋሽ» ነው። ዋጋው ስለሚረክስ ብዙ ሰው ድብልቁን ያነሣል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አያት የመጀመሪያው ቀን ልጇን ይዛ ሱቅ ሄዳ ማሸጊያውን ብታይ በኋላ አትጨነቅም። በትምህርት ቤት ልጆች ምሳ በነፃ ይበላሉ፤ ከደም የሚሠራ ብሎድፑዲንግ የሚባል ምግብ አንዳንድ ጊዜ ይቀርባል። ቤተሰቡ ይህንና አሳማ እንደማይበላ ወላጆች ለትምህርት ቤቱ አስቀድመው ይንገሩ፤ ልጁ ትሪ ይዞ ብቻውን እንዲወስን አይተውት።

ዓሣ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የምንሄደው ልጃችን ነፍሰ ጡር ሆና ወይም አራስ ሆና ነው። ከላይ ያነሣሁት ግራቭላክስና ሳይበስል በቀዝቃዛ ጭስ የታጠነ ዓሣ ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ሊስቴሪያ የሚባለው ጀርም ፍሪጅ ውስጥም ይራባል፤ እናቲቱን ቀላል ትኩሳት ብቻ ሊያሲዛት ይችላል፣ ጽንሱን ግን ሊገድል ይችላል። በደንብ የበሰለ ሳልሞን ግን ጥሩ ነው። ሌላው ስትረሚንግ የሚሉት የባልቲክ ባሕር ትንሽ ዓሣ ነው። በውስጡ ከተጠራቀመው መርዛማ ኬሚካል የተነሣ የአገሩ የምግብ ባለሥልጣን ልጆች፣ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡና ገና የሚወልዱ ሴቶች በዓመት ከሁለት ሦስት ጊዜ በላይ እንዳይበሉት ይመክራል። እኛ አያቶች ልንበላው እንችላለን፤ ደም ግፊት ያለብን ግን ጨው ውስጥ የከረመውን እንተወው።

ለኔ ዘመን ነርሶች ስዊድን ማለት ፋፋ ነበር። በሁለቱ መንግሥታት ትብብር በተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል ውስጥ ተዘጋጅቶ ስንቱን ልጅ ከሞት ያተረፈ ዱቄት ነው። እነሱ አገር ሄዶ ስለ ሕፃን ምግብ ሲያወሩ መስማት ለኔ የድሮ ወዳጅ እንደማግኘት ነበር። ከነገሩኝም ከማውቀውም ለአያት የሚጠቅሙት እነዚህ ናቸው። ለገና ማታ የሩዝ ገንፎ በወተት ይሠራሉ፤ አንዲት ሙሉ አልሞንድ ይደብቁበታል፤ ያገኘ በዓመቱ ያገባል ይባላል። ትንሽ ልጅ ባለበት ገበታ ሙሉ አልሞንድ አይደበቅ፤ አየር ቧንቧ ውስጥ ገብታ ታንቃለች። ዓመት ላልሞላው ሕፃን በምንም መልኩ ማር አይቀመስ፤ እዚያም እዚህም ሕጉ አንድ ነው። ከቀረፋውም ከስኳሩም በፊት የሚቀድመው ደግሞ የቫይታሚን ዲ ጠብታ ነው። እዚያ በበረዶው ወራት ፀሐይ አቅም የላትም፤ ቆዳው ጠቆር ላለ ልጅ ደግሞ የባሰ ነው። ሕፃናት ሁሉ እስከ ሁለት ዓመት፣ ጠቆር ያለ ቆዳ ያላቸው ከዚያም በኋላ ጠብታውን እንዲወስዱ ነው የሚመከረው። «እኛ ያለ ጠብታ አላሳደግንም ወይ?» የምትል አያት አትጠፋም። እሷ ያሳደገችው ፀሐይ ባለበት አገር ነው።

ስለ ከረሜላ ልንገራችሁና ልጨርስ። በብዙ የስዊድን ቤት ልጆች ከረሜላ የሚያገኙት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነው፤ «ሉርዳግስጉዲስ»፣ የቅዳሜ ጣፋጭ፣ ይሉታል። አመጣጡ ደስ አይልም። እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ ሉንድ አቅራቢያ በነበረ ቪፔሆልም የተባለ ተቋም ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው ሰዎች፣ ፈቃዳቸው ሳይጠየቅ፣ ጥርሳቸው እስኪበሰብስ ከረሜላ እየሰጡ አጥንተዋል። ዛሬ የሚያፍሩበት ታሪክ ነው። የተገኘው ውጤት ግን ጥርስን ይበልጥ የሚጎዳው ቀኑን ሙሉ በየመሐሉ መላስ እንደሆነ አሳየ፤ ከዚያ ወዲህ በሳምንት አንድ ቀን የሚለው ምክር ተለመደ። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ደስታ ከረሜላ በሻንጣ ሞልታችሁ የምትሄዱ፣ ለልጁ በጓሮ በር አትስጡት። ለእናቱ አስረክቡ፤ ቅዳሜ ሲደርስ ለሞርሞር መልሳ ትሰጣታለች፣ ሞርሞርም ታድላለች።